ኩሽኔታው ከየት ይለካ?

ለፎገራ ሩዝ የመውቂያ ማሽን በኮምፒውተር የሚነድፍ ሰው ሥራው ሁለት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይስላል፦ የሚሽከረከረውን ከበሮ፣ ሻፍቱን፣ ሁለቱን ኩሽኔታዎች፣ ወንፊቱን፣ ፑሊውን፣ የአንግል ብረት ሻሲውን። ቀጥሎ ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል አስገብቶ ይገጣጥማቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙ አያከራክርም። ሁለተኛው ግን ያከራክራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ቦታውን የሚያገኝበት መንገድ ከአንድ በላይ ነውና። አንደኛው መንገድ ክፍሉን ከጎረቤቱ ጋር ማያያዝ ነው፤ ኩሽኔታው ሻሲው ላይ ይቀመጥ፣ ሻፍቱ ኩሽኔታው ውስጥ ይግባ፣ ፑሊው ሻፍቱ ጫፍ ላይ ይዋል እያሉ። ሌላው መንገድ ሁሉንም ከአንድ የጋራ መነሻ እየለኩ በየቦታው ማስቀመጥ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የፕሮግራም አጠቃቀም ልማድ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ንድፍ ሲሻሻል ተርፎ መቆሙ ወይም መፈራረሱ፣ ብየዳ ቤት ሲደርስ መነበቡ ወይም አለመነበቡ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ወገን ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ፣ አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ብሎ መቸኮል ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለቱም ልማዶች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤም.አይ.ቲ ተማሪ ስኬችፓድ የሚባለውን ፕሮግራም ለዶክትሬት ሥራው አቀረበ። ሰውየው በስክሪን ላይ መስመር ስሎ «ይህ ከዚያ ጋር ትይዩ ይሁን» ሲል ኮምፒውተሩ ይታዘዝ ነበር። ክፍልን ከክፍል ጋር በግንኙነት የማሰር ሐሳብ በኮምፒውተር ላይ የተወለደው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በባሕር ዳር፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር፣ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። የብረታ ብረትና የእርሻ መካኒክ ሙያተኛ ያን ጊዜ የሚሠለጥነው በመሳያ ሰሌዳ ላይ ነው። ወረቀቱ ተወጥሮ፣ የመሐል መስመር ተሰምሮ፣ ከዚያ መስመር ግራና ቀኝ እየተለካ ይሳላል። ከአንድ መነሻ የመለካት ልማድ ከኮምፒውተሩ በፊት በወረቀቱ ላይ ነበረ። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሆነው በዚያው ግቢ የሚማር ወጣት ከሁለቱም ልማድ የወረሰው ነገር አለ።

ግንኙነትን የሚመርጡት ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ቦታ ላይ የተጣለ ማንኛውም ክፍል ስድስት የመንቀሳቀስ ነፃነት አለው፤ በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፣ በሦስት አቅጣጫ ይዞራል። ሶሊድወርክስ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ «ሜት» የሚባለው ማሰሪያ እነዚህን ነፃነቶች ይቀንሳል። አንድን ብሎን ከቀዳዳው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ብታውለው አራቱ ይሄዳሉ፤ የብሎኑን ራስ የታችኛ ገጽ ከብረቱ ገጽ ጋር ብታገናኘው አምስተኛው ይሄዳል፤ የሚቀረው በራሱ ዙሪያ መዞር ብቻ ነው። ለብሎን ያ መዞር ችግር የለውም፣ ሊተው ይችላል። ለከበሮው ደግሞ ያው የቀረው መዞር የሚፈለገው ነገር ነው። ንድፍ አውጪው ከበሮውን በማውሱ ይዞ ያዞረውና ጥርሶቹ ወንፊቱን ይነኩ እንደሆነ አንድም ላሜራ ሳይቆረጥ ያያል። ብረት በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሌላም አለ። ግንኙነት ሐሳብን ይመዘግባል። ኩሽኔታው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንዳለ ፋይሉን ለሚከፍት እንግዳ ሰው ይነግረዋል፦ የሻሲው የላይኛ ገጽ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሻሲው በ40 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ኩሽኔታውም፣ ሻፍቱም፣ ፑሊውም አብረው ከፍ ይላሉ። ለተማሪም ቢሆን ማሽን እንዴት እርስ በርሱ እንደሚደጋገፍ የሚያስተምር መንገድ ነው። ምናልባት አብዛኞቹ መምህራን ከዚህ የሚጀምሩት ለዚህ ይሆናል።

ሆኖም ሰንሰለቱ ሲረዝም ችግሩ ይመጣል። አርባኛው ክፍል ቦታውን የሚያገኘው በሠላሳ ዘጠነኛው በኩል ከሆነ፣ ከሥር ያለው አንድ ማሰሪያ ሲበጠስ ከላይ ያለው ሁሉ ይናጋል። ማሰሪያ ደግሞ በቀላሉ ይበጠሳል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ገጽና ጠርዝ ራሱ በሰጠው መለያ ያስታውሳል፤ አንድ ሰው ያንን ጠርዝ ለውበት ብሎ ቢያለዝበው መለያው ይጠፋና ማሰሪያው የሚይዘው ያጣል። በማግሥቱ ፋይሉ ሲከፈት ዝርዝሩ በቀይ ምልክት ተሞልቷል፤ የትኛው ቀድሞ እንደተበጠሰ መፈለግ ደግሞ ከመሳሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ፍሪካድ የተባለው በነፃ የሚገኝ የንድፍ ፕሮግራም ለዓመታት ሲወቀስ የኖረው በተለይ በዚህ ችግር ነው፤ በኅዳር 2024 የወጣው 1.0 እትም ችግሩን ብዙ አቃልሎታል እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ማሰሪያ ለኮምፒውተሩ የሚፈታ ቀመር ነው። ጥቂት መቶ ማሰሪያ ያለው ፋይል ባረጀ ላፕቶፕ ላይ አንድ ክፍል በተነካ ቁጥር ያስጠብቃል፤ መብራት የሚሄደውም አንዳንዴ በዚያው መጠበቅ መሐል ነው።

ከአንድ መነሻ የሚለኩት ወገኖች እዚህ ላይ ይነሣሉ። ትልቁ ማስረጃቸው አውሮፕላን ነው። ከ2010 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያበረው ቦይንግ 777 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ሲሆን፣ የተነደፈውም ካቲያ በተባለው ፕሮግራም ነው። በአውሮፕላን ሥራ እያንዳንዱ ክፍል ቦታው የሚጠራው ከአፍንጫው አካባቢ በተወሰነ መነሻ፣ ከመሐል መስመሩና ከአንድ የከፍታ መስመር በመለካት ነው። ያ የከፍታ መስመር ስሙን ያገኘው መርከብ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት የውሃ መስመር ነው። ክንፉን የሚነድፈው ቡድን የሆዱ ቡድን እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ሁለቱም ከአንድ መነሻ ስለሚለኩ በመጨረሻ ይገናኛሉ። አንዱ ክፍል ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም። ኮምፒውተሩም የሚፈታው ቀመር ስለሌለ ፋይሉ በፍጥነት ይከፈታል።

በዚህ መንገድ በተሻለ ሥርዓት የሚሠሩት ደግሞ መጀመሪያ አንድ አጽም ፋይል ያዘጋጃሉ። በውስጡ አካል የለውም፤ ዋና ዋና ዘንጎች፣ ፕሌኖች (መለኪያ የሚሆኑ ጠፍጣፋ ገጾች) እና ወሰኖች ብቻ አሉበት። ለመውቂያው ማሽን የሻፍቱ ዘንግ፣ የሻሲው ወለል፣ የሩዙ መግቢያና የገለባው መውጫ ይበቃሉ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወሰናል።

ይሁንና ይህም የራሱ ዕዳ አለው። ክፍሉ በቁጥር ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ቁጥሩ ምክንያቱን አይናገርም። ኩሽኔታው ከመነሻው 842.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ለምን 842.5? የነደፈው ሰው ሥራ ከቀየረ መልሱ አብሮት ይሄዳል። ሻሲው ዝቅ ሲል ኩሽኔታው አይከተልም፤ ሰው አስታውሶ ማውረድ አለበት። ካላስታወሰ ደግሞ ኩሽኔታው ከሻሲው በ2 ሚሊ ሜትር ተንሳፍፎ ሊቀር ይችላል። ፕሮግራሞቹ ሁለት አካላት ተደራርበው ከገቡ የሚያሳውቅ ፍተሻ አላቸው፤ ያ ፍተሻ ግን መደራረብን እንጂ ክፍተትን አይይዝም። ስክሪኑ ላይ 2 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም። በቁጥር የተተከለ ከበሮም በማውስ አይዞርም። በማሽኑ መነሻ ላይ ተመሥርቶ የተሳለ ክፍል ደግሞ ለሌላ ማሽን ሲፈለግ ያስቸግራል፤ ግራና ቀኝ የሚገቡት ሁለቱ ኩሽኔታዎች አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ የአንዱ ሥዕል ለሌላው በቀጥታ አይሆንም። ፈረንጅ አገር ለአውሮፕላን የሠራ ዘዴ አሥራ ሁለት ክፍል ላለው የበቆሎ መፈልፈያ የግድ ይሠራል ማለት አይቻልም።

የሁለቱን ልማዶች ሚዛን ከምንም በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው የጣና ሐይቅ የራሱ ችግር ይመስለኛል። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በ2011 ከታወቀ ወዲህ አረሙን ከውሃ ላይ የሚሰበስቡ ማሽኖች ከውጭ መጥተዋል፣ በአገር ውስጥም ተሠርተዋል። አሠራሩ በጥቅሉ እንዲህ ነው፦ ከታች ተንሳፋፊ መድረክ አለ፤ ከፊት ወደ ውሃው የሚወርድና የሚነሣ ማጓጓዣ ቀበቶ አለ፤ አረሙ በቀበቶው ወጥቶ ወደ ኋላ ይከማቻል። ሞተሩ፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑና የሹፌሩ ወንበር በመድረኩ ላይ ይቀመጣሉ።

እንዲህ ዓይነት ማሽን በመጀመሪያ ጀልባ ነው። ጀልባ ደግሞ የክብደት ጉዳይ ነው። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አረሙ የሚበዛበት የሰሜን ምሥራቁ ዳር ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ መድረኩ ወደ ውሃ የሚጠልቀው በጥቂቱ መሆን አለበት፣ ወደ አንድ ጎንም ማዘንበል የለበትም። ንድፍ አውጪው የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት ከመድረኩ መሐልና ከወለሉ ካለው ርቀት ጋር እያባዛ የክብደት ማዕከሉን ያወጣል። ፕሮግራሙም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ክፍሎቹ በትክክለኛ ቦታቸው ላይ ካሉ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ያልታሰረ ወይም በስሕተት በማውስ የተጎተተ አንድ የነዳጅ ታንከር ስሌቱን በሙሉ ያበላሻል፤ በስክሪን ላይ ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም። በዚህ በኩል ካየነው የመነሻ ነጥብ ወገኖች እውነት አላቸው፤ የታንከሩ ቦታ በማንም ጎረቤት ላይ ሳይንጠለጠል በራሱ ቁጥር መጽናት አለበት።

ነገር ግን የፊቱ ቀበቶ ይወርዳል፣ ይነሣል። ሲወርድና ሲነሣ የክብደት ማዕከሉም ይንቀሳቀሳል። አረሙ ከክብደቱ ከ90 በመቶ ያላነሰው ውሃ ስለሆነ ሲሞላ ከባድ ነው፤ ያ ክብደት ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ይጓዛል። ቀበቶውን በአንድ ቦታ በቁጥር የተከለ ንድፍ የሚያሳየው ከብዙ ሁኔታዎች አንዱን ብቻ ነው። አደገኛው ሁኔታ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀበቶውን በማጠፊያው ዙሪያ ማንቀሳቀስ፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ማዕዘን መውሰድና በየደረጃው ማስላት ያስፈልጋል። ይህ ያለ ግንኙነት ብዙ ድካም ነው። እንግዲህ በአንዱ ማሽን ላይ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ለመድረኩ፣ ሌላው ለቀበቶው።

ብየዳ ቤትስ? ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚህ አይደርስም፤ መድረስ ግን ነበረበት። ሥዕል የያዘ በያጅ ሜትሩን ከአንግል ብረቱ አንድ ጫፍ ይሰካና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከዚያው ጫፍ ምልክት ያደርጋል። አራት ቀዳዳ እያንዳንዱ ከቀደመው ቢለካና በያንዳንዱ ላይ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢገባ፣ መጨረሻው እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል። ሁሉም ከአንድ ጫፍ ከተለኩ ግን ማንኛውም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አይስትም። ይህ ለመነሻ ነጥብ ወገኖች የሚመች ይመስላል። ያው በያጅ ግን ለኩሽኔታው ሌላ ዘዴ አለው። ሻፍቱን ከሁለቱ ኩሽኔታዎች ጋር እንደገጠመ አንሥቶ ሻሲው ላይ ያስቀምጠዋል፤ በእጁ አዙሮ ቀጥ ማለቱን ካየ በኋላ በኩሽኔታው ቀዳዳ በኩል በጠመኔ ምልክት አድርጎ ይበሳል። ሞተሩ የሚታሰርበትን ቀዳዳ ደግሞ ቺንጋውን ማጥበቅ እንዲቻል ሆን ብሎ ሞላላ ያደርገዋል። እዚያ ላይ የሚፈልገው ቁጥር ሳይሆን ግንኙነት ነው፤ ሻፍቱ ቀጥ ይበል፣ ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ይዋሉ። የታንኳ ሠሪው ደንገሉን እየጠፈረ አንዱን እስር ከሌላው ጋር የሚያስተካክለው እንዲሁ በዓይንና በእጅ ነው፤ ታንኳውም ሐይቁን ይሻገራል።

ታዲያ ጥያቄው «የቱ ዘዴ ይሻላል?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ክፍል በሥራ ቦታ የሚለካው ከየት ነው?» ቢሆን ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ከሻሲው ጫፍ በሜትር የሚለካው በንድፉም ከመነሻው ይለካ። ከጎረቤቱ ጋር ተገጥሞ የሚስተካከለው በንድፉም ከጎረቤቱ ጋር ይታሰር። እንዲህ ከሆነ ከፋይሉ የሚወጣው የሥራ ሥዕል በያጁ በሚለካበት መንገድ ልኬቱን ይዞ ይወጣል፤ በመሐል ማንም ሰው ቁጥር መደመርና መቀነስ አይጠበቅበትም።

በተግባር ይህ ወደ መካከለኛ መንገድ ያመራል፤ ጥቂት ዘንጎችና ፕሌኖች ያሉት አነስ ያለ አጽም መሥራት፣ ሻሲውንና ከባድ ክፍሎቹን በዚያ ላይ ማሰር፣ መንቀሳቀስ ያለበትንና መገጣጠም ያለበትን ብቻ በግንኙነት ማያያዝ። ሲያያዝም ሊለዝብ ወይም ሊቆረጥ የሚችለውን ጠርዝ ትቶ ዘንግንና ፕሌንን መያዝ ይሻላል፤ እነዚህ ንድፉ ሲሻሻል የመጥፋት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ከበሮው ከሻፍቱና ከኩሽኔታዎቹ ጋር ለብቻው አንድ ንዑስ ፋይል ቢሆን፣ ሥራ ቤቱም እንደዚያው ለብቻው ገጥሞ ስለሚያነሣው፣ ንድፉና ሥራው ይናበባሉ። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ መጨረሻ ላይ ቢገቡ፣ ያውም አንዱ ገብቶ ሌሎቹ በድግግሞሽ ቢባዙ፣ ፋይሉ ከመክበዱ በፊት ብዙ ሥራ ይጠናቀቃል።

ፕሮግራም ሠሪዎቹም ወደዚህ እየተጠጉ ያሉ ይመስላል። በ2015 የወጣው ኦንሼፕ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ትንሽ የራሱ መነሻ ነጥብ ይተክልና ሁለት መነሻዎችን በአንድ ማሰሪያ ብቻ ያገናኛል፤ ሦስት ሜት ይፈልግ የነበረው በአንድ ያልቃል። አዲሱ ፍሪካድም ማጠፊያ፣ ተንሸራታች፣ ቋሚ የሚሉ ተመሳሳይ መገጣጠሚያዎች አሉት። ለባሕር ዳር የሚመቸው የቱ እንደሆነ ግን በችኮላ አይወሰንም። ኦንሼፕ የሚሠራው በኢንተርኔት ነው፣ መስመር በተቋረጠ ቀን ንድፉም ይቋረጣል። ሶሊድወርክስን ብዙዎች ተምረውበታል፣ ፈቃዱ ግን በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ፍሪካድ ክፍያ አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነገር ግን ትላልቅ ፋይሎች ላይ ገና የሚቀረው ነገር አለ፣ የሚያስተምረውም ሰው በቀላሉ አይገኝም።

መካከለኛው መንገድም ያለ ዋጋ አይመጣም። ሁለት ልማድ መማርን ይጠይቃል፤ የትኛው ክፍል በየትኛው እንደታሰረ በቡድኑ ውስጥ መስማማት ካልተቻለ ከሁለቱም የባሰ ዝብርቅርቅ ይወጣል። አሥር ክፍል ላለው መፈልፈያ አጽም ማዘጋጀት ምናልባት ጊዜ ማባከን ነው፤ ለዚያ ጥቂት የተመረጡ ሜቶች ይበቃሉ። ለተንሳፋፊው መድረክ ደግሞ ያለ አጽም መጀመር ኋላ ያስከፍላል። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በልምድ የሚታወቅ ነው፤ ሁለት ጥሩ ባለሙያዎች በተለያየ ቦታ ቢያሰምሩት አይገርምም።

መምህራንና የሥራ ቤት ኃላፊዎች ግን አንድ ነገር ቢያደርጉ ክርክሩን ወደ መሬት ያወርዱታል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ወይም የተረከባችሁት ንድፍ ሲቀርብላችሁ ሥዕሉ ማማሩን ብቻ አትዩ። ፋይሉን በነደፈው ሰው ፊት ክፈቱ፣ የከበሮውን ርዝመት በ50 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፣ እንደገና እንዲሰላ አድርጉ። ኩሽኔታዎቹ ተከትለው ከሄዱ፣ ሻሲው ከረዘመ፣ ከቦታው መነቃነቅ የሌለበት ሞተር ካልተነቃነቀና ለበያጁ የሚሰጠው ሥዕል ልኬቱ ከአንድ ጫፍ ከተጻፈ፣ በየትኛውም ዘዴ ይሠራ፣ ተቀበሉት።